ለሦስት የታጠፈ መስገጃ

ባሌ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ፈትቶኝ፣ ሳልሰማ መልሶኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረግሁትን የምታነቡ ሰዎች ቶሎ እንዳትፈርዱብኝ ነው።

ያኔ ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ባል ሚስቱን «ፈትቼሻለሁ» ካላት በኋላ ሴቲቱ ሦስት የወር አበባ አይታ እስክትታጠብ ትጠብቃለች። ይህ የጥበቃ ጊዜ ዒዳ ይባላል። ዒዳው ሳያልቅ ባልየው ሐሳቡን ከቀየረ አዲስ ኒካሕ ማሰር አያስፈልገውም፤ «መልሻታለሁ» ብሎ ሁለት ሰው ያስመሰክራል፣ ትዳሩም ካቆመበት ይቀጥላል። እሷን መጠየቅ ግዴታው አይደለም። የእኔም ባል እንደዚያ አደረገ። ጎሚስታ በር ላይ፣ ጎማው እስኪቀየርለት ቆሞ ሳለ፣ ሁለት ጓደኞቹን አስመሰከረ። ከዚያ ሐብሐብ ተሸክሞ ቤት ገባና «መልሼሻለሁ፤ ቢላ አምጪ» አለኝ።

ቢላውን አመጣሁለት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያበግነኝ የኖረው ይኸው ነው። ቢላ አምጪ መባሌን ረስቼዋለሁ፤ ማምጣቴን ግን ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ከሥራና ከመስጂድ ሌላ የሚሄድበት የለም። ችግሩ አያምንም። ዳቦ አልቋል ስለው ራሱ ሄዶ መሳቢያውን ይከፍታል። ሥራ አመሸሁ ስለው አብራኝ የምትሠራ ሴት ጋ ደውሎ ስለ ሌላ ነገር ያወራና በመሐል ስንት ሰዓት እንደወጣን ይጠይቃታል። የመኪናዬን ማይል ያነባል። አንድን ጥያቄ ሦስት ቀን አሳልፎ በሌላ አማርኛ ደግሞ ይጠይቀኛል፤ መልሴ በአንዲት ቃል ከተለየ አለቀልኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምናገረውን ሰው የሚያምነኝ ልጅ ነበርኩ። እሱ ዘንድ ስደርስ እውነት ስናገር እንኳ ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አስራ ስምንት ዓመት እንዲህ ስኖር እኔም ያው ሆንኩ። የሚጠረጥር ሰው ጋ የኖረ ሰው መጠርጠር ይማራል።

የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለች ዩለስ በምትባል ከተማ ነው፣ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ከሚያልፍበት አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሁለታችንም የኤርፖርት ሠራተኞች ነን። እኔ ተርሚናል ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ፣ እሱ ከመኪና ማቆሚያው መንገደኛ የሚያመላልሰውን ሻትል ይነዳል። ባለፈው ዓመት ከኢድ በኋላ ቆርጬ ተነሣሁና የፍቺ ወረቀት ፍርድ ቤት አስገባሁ። ወረቀቱን ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ሰጡት። ከሥራ ይዞኝ ተመለሰና አፓርታማችን በር ላይ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አላጠፋም። መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊት እያየ፣ «እሺ። ፈትቼሻለሁ» አለ። «እሱንም ለጠበቃሽ ንገሪያት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ቆጠራ ተጀመረ። ቴክሳስ ስልሳ ቀን ታስጠብቃለች፤ እሱን የሚቆጥረው ፍርድ ቤቱ ነው። ሌላውን የሚቆጥረው የእኔ ገላ ነው።

በማግሥቱ የመስጂዳችንን ሼኽ አነጋገርኳቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ከቤትሽ አትውጪ፣ እሱም አያስወጣሽ። መኝታ ለዩ። ሦስቱን ቁጠሪ። ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ፤ በዚህ ነገር የሚታመነው የሴት ቃል ነው። ሲያልቅ ኑና ወረቀቱን እንጽፋለን።»

«ሼኽ፣ በመሐል ቢመልሰኝስ?» አልኳቸው።

«መብቱ ነው» አሉ። «የመጀመሪያው አንድ ነበር፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛ ከፈታሽ ግን መመለስ የለም።»

ስለዚህ ልቤ የተንጠለጠለው በሦስት የወር አበባ ላይ ሆነ። ሦስተኛውን አይቼ ከታጠብኩ ነፃ ነኝ። ከዚያ በፊት ባሌ አንዲት ቃል ከተናገረ እንደገና ሚስቱ ነኝ፤ ምናልባትም ከእኔ ቀድመው የሚሰሙት ሁለቱ ጓደኞቹ ይሆናሉ።

መኝታዬን ወደ ልጄ ክፍል አዛወርኩ። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ እየደገፈች ትሄዳለች። «ማማ፣ አንቺና ዳዲ ዳይቮርስ አደረጋችሁ፣ ግን አንድ ቤት ትኖራላችሁ። ሜክ ሴንስ አያደርግም» ትለኛለች። እንዴት ብዬ አስረዳታለሁ? «ሦስት ወር ብቻ» እላታለሁ።

በሙስሊም ቤት የሴት ገላ ሚስጥር የለውም። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ ስለዚህ በሥርዓት የምትሰግድ ሴት መስገጃዋን ካጠፈች ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእኔ አረንጓዴ መስገጃ ሳሎን ጥግ፣ በረንዳው መስታወት ሥር ነው ያለው። ስሰግድበት እንደተዘረጋ ይውላል። ካልሰገድኩ አጥፌ ሶፋው ክንድ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ያጠፍኩ ዕለት ባሌ ከሥራ ገብቶ አየት አደረገውና፣

«አትሰግጂም?» አለኝ።

«አልሰግድም» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገ። በኋላ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ስልኩን ከፈትኩት፤ የይለፍ ቁጥሩ የልጃችን ልደት ነው። ካላንደሩ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጓል። የሰው ስልክ መበርበር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ገላዬን በቀይ ነጥብ ሲይዝ ግን ነውሩ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ከዚያ ደግነቱ መጣ። የወጥ ቤቱን የተዘጋ ቧንቧ ከፈተ። እኔ የምወደውን ለስላሳውን ቴምር ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንድ ቀን ሳልጠይቀው መኪናዬን አጥቦልኝ አገኘሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔን ግን እያንዳንዱ ነገር ሐብሐብ ሐብሐብ ሸተተኝ። ቴምሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ወስጄ አከፋፈልኩት።

በተለይ ሁለቱን ጓደኞቹን እፈራ ነበር። አንደኛው ረጅሙ ነው፣ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር የሚኖር ታክሲ ነጂ። ሁለተኛው ወፍራሙ ነው፣ ቅመማ ቅመምና ጤፍ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ጎሚስታው በር ላይ የመሰከሩብኝ እነሱ ናቸው። አንዳቸውን ብቻውን ሳይ ምንም አይመስለኝም፣ ሰላም እላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካየሁ ግን መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። በቀዳዳዋ ሳይ ሁለቱም ቆመዋል፣ መሐላቸው ባሌ። ሰንሰለቱን ከረቸምኩት።

«ክፈቺው እንጂ!» አለ ባሌ።

«የምትሉትን እዛው ሆናችሁ በሉ!» አልኩ። ለነገሩ እዛው ሆነው ቢሉትም ያው ነው፤ መስማቴም መክፈቴም አያስፈልግም። ያን ጊዜ ግን በሩን ከያዝኩ የሃይማኖቱን ሕግ ያገድኩ መሰለኝ።

«እህቴ፣ ከባድ ነው እኮ» አለ ወፍራሙ፣ ድምፁ እያለከለከ።

ልጄ መጥታ በቀዳዳዋ አየች። «ማማ፣ ፍሪጅ ነው! ጀስት ፍሪጅ!»

እውነትም ፍሪጅ ነበር። የእኛው ከተበላሸ ሁለት ቀኑ ነው፤ ሥጋው እየቀለጠ ነው ብዬ ጠዋት የጮኽኩትም ራሴ ነኝ። ሦስቱ ወንዶች ፍሪጁን ደረታቸው ላይ ደግፈው ኮሪደር ላይ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ሴትዮ በሯን ከፍታ ታያለች። ከፈትኩላቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ግን ገብተው እስኪወጡ ድረስ ከንፈራቸውን ሳይ ነበር፤ ባሌ ወደ ረጅሙ ዘወር ባለ ቁጥር ሆን ብዬ ብርጭቆ አንኳኳ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ቀደመ። ዳኛዋ በዙም ቀርባ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀችን፣ እንዴት ነሽ እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳትለኝ ጨረሰችው። ልጄን በተመለከተ ሳንጨቃጨቅ ተስማምተን ነበር። ለቴክሳስ ነፃ ሴት ሆንኩ። የዚያን ዕለት ሁለተኛውን የወር አበባ ጨርሼ ታጥቤያለሁ። አንድ ቀረኝ።

ሦስተኛው ግን ጠፋ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ቀኑ ደርሶ አለፈ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። አብራኝ የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የአዲስ አበባ ሴት አለች፣ ክርስቲያን ናት፣ ስለ ዒዳው ግን ከእኔ በላይ ትጨነቃለች። «እኔም ሊቆም ሲል እንደዚህ ነበር የጀመረኝ» አለችኝ። «ሁለት ወር ይጠፋና ብቅ ይላል። ዕድሜ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ።» ሼኹ ጋ ደወልኩ። «ከዘገየ ትጠብቂያለሽ» አሉኝ። «ጭራሽ ከቆመ ሌላ ስሌት አለው፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። አትቸኩዪ ልጄ።»

አለመቸኮል ለእሳቸው ቀላል ነው። እኔ ገላዬ በዘገየ ቁጥር ቀኑ የሚጨመረው ለባሌ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የተዘረጋውን መስገጃዬን ሲያይ አየዋለሁ። ፊቱ ላይ ደስታ ያለ ይመስለኛል። ምናልባት ቲቪው ይሆናል የሚያስደስተው። ሙቀቱ ጨምሯል፤ ሐምሌ ሊያልቅ ነው።

አንድ ሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

«እሁድ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ መስጂድ። ሁለታችሁም ኑ» ይላል። «አይ፣ እሷ አታውቅም። ማለቴ፣ ከዛ በኋላ እነግራታለሁ።»

ጫማዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። በቃ፣ ሐብሐቡ መጣ አልኩ። ስድስት ዓመት የፈራሁት ነገር ቀኑ እሁድ ሆነ።

ያኔ ያደረግሁትን አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ከበረንዳው ሲገባ ጠበቅሁትና፣ ፊቱ ሆኜ መስገጃዬን አነሣሁ። ለሁለት አጠፍኩት፣ ደግሜ ለሁለት አጠፍኩት፣ ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልሰግድም» አልኩት።

 ስልኩን አላወጣም። «እሺ» አለ።

ደም አላየሁም ነበር። ዋሸሁ። ቁርኣን ሴቶች በማኅፀናቸው ያለውን እንዳይደብቁ እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ሼኹም የሚታመነው ቃልሽ ነው ብለው ሲነግሩኝ አደራ መስጠታቸው እንደነበር አውቃለሁ። ሁሉን እያወቅሁ አደረግሁት። አምስት ቀን ካልሰገድኩ፣ ቅዳሜ ታጠብኩ እላለሁ፤ እሁድ ሲደርስ ዒዳዬ አልቆ ያገኘዋል። ሌላ መውጫ አልታየኝም።

ያላሰብኩት ሶላቱን ነው። ውሸቱን ደፈርኩ፣ ሶላቱን መተው ግን አልቻልኩም። ቤት ውስጥ አዛኑ ከስልኬ ሲጮህ ተቀምጬ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሌባ የሆንኩ ያህል ጆሮዬ ይግላል። ያን ጊዜ መኪናዬ የኋላ ትራንክ ውስጥ ያለችው ስስ የመንገድ መስገጃ ትዝ አለችኝ። ሐጅ የሄደች ዘመዴ ያመጣችልኝ ናት። የኤርፖርቱ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ሰፊ ነው። በሁለት መኪኖች መሐል አስፋልቱ ላይ ዘርግቼ ቤት ያለፈኝን ሁሉ እዚያ እሰግዳለሁ፤ የንጋቱን የፈጅር ሶላት ከሥራ በፊት፣ ሌላውን በእረፍት ሰዓቴና ከሥራ ስወጣ። አስፋልቱ በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴን ያቃጥለኛል። ግንባሬን ሳሳርፍ ሬንጅ ይሸተኛል። ሻትል ባለፈ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ በሱጁድ፣ በግንባሬ እንደተደፋሁ፣ ይበልጥ እጎብጣለሁ። እንዲህ ያለ ሶላት ተቀባይነት ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የመኪናዬ የጎማ መብራት በርቷል። ባሌ መስኮት ላይ ሆኖ ያየ ይመስል ገና ስገባ፣ «ጎማሽ ነፍሷል። ቁልፉን ስጪኝ፣ ላሳየው» አለኝ።

«ራሴ እወስደዋለሁ።»

«አንቺ ያታልሉሻል። ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ከሰጠሁት በኋላ ለምን እንደፈለገው ማሰብ ጀመርኩ። ጎማ የሚሠራበት ቦታ አሥር ደቂቃ አይርቅም፤ እሱ ግን አንድ ሰዓት ቆየ። የምሄድበትን የሚናገር ዕቃ ሊያስቀምጥብኝ ነው አልኩ። እነዚያ ትንንሽ ክብ ነገሮች አሉ፣ ሰው ቁልፉ ላይ የሚያንጠለጥላቸው፤ በመኪና ሥር ይለጠፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ማቆሚያው ላይ ስሰግድ ካየኝ አለቀልኝ።

ተመልሶ ቁልፉን ሲያስቀምጥ ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወረድኩ። ጎማው ሥር በእጄ ዳበስኩ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። አስፋልቱ ላይ በደረቴ ተኝቼ ከመኪናው ሥር በስልኬ መብራት ፈተሽኩ፤ አንድ ሕንዳዊ ጎረቤታችን ውሻውን ይዞ ሲያልፍ እርዳታ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም የለም። በመጨረሻ ትራንኩን ከፈትኩ።

መስገጃዋ እዚያው አለች። ግን ለሦስት ታጥፋለች።

እኔ መስገጃ የማጥፈው ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት ነው። ባሌ ለሦስት ነው የሚያጥፈው፣ ግንባር የሚያርፍበትን ወደ ውስጥ አድርጎ። «ግንባር የሚያርፍበት እግር የረገጠውን አይንካ» ይላል። አስራ ስምንት ዓመት የተጨቃጨቅንበት ነገር ነው። ክሪክ ሊያወጣ ትራንኩን ከፍቶ፣ እንደነገሩ የወረወርኳትን መስገጃ፣ ላቤ ሳይደርቅባት፣ አዲስ ሬንጅ ተጣብቆባት፣ አገኛት ማለት ነው። እሷው አሳበቀችብኝ፤ የስለላ ዕቃ ስፈልግ የራሴ ውሸት ተጣጥፎ ጠበቀኝ።

 የትራንኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ስገባ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ እየበላ ነበር። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። «ሽንኩርቱ በዝቷል» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ዓርብም አልተናገረም። ይህ ሰው ዳቦ ማለቁን የሚያጣራ ሰው ነው፤ ዝምታው ከጩኸት ይበልጥ አስፈራኝ። ለእሁድ እያቆየው ነው አልኩ። ሼኹና ሁለቱ ጓደኞቹ ባሉበት «ውሸታም ናት፣ ዒዳዋ አላለቀም፣ መልሻታለሁ» ሊል ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለቱንም፤ አዋርዶኝም መልሶኝም።

ያም ሆኖ ወደ ኋላ አልተመለስኩም። ቅዳሜ ጠዋት ገላዬን ታጠብኩ፣ አረንጓዴውን መስገጃ ዘረጋሁ፣ ለሼኹ ደወልኩ። «ባልሽም እሁድ እመጣለሁ ብሎኛል፤ ከአስር ሶላት በኋላ ሁለታችሁም ኑ» አሉኝ።

ባሌ የጠራቸው ሁለቱ ሰዎች መስጂድ ከእኛ ቀድመው ደርሰው ነበር። ረጅሙና ወፍራሙ፣ በሼኹ ትንሽ ቢሮ ግድግዳውን ተደግፈው። ስገባ ወፍራሙ «እህቴ» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ወንበር ላይ ተቀምጬ የሻሼን ጫፍ ያዝኩ።

ሼኹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ ሦስቱ አልቀዋል ትያለሽ?»

«አልቀዋል» አልኩ።

«ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።» ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ገላዬን ታጥቤያለሁ።

ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተስ? በዚህ መሐል መልሰሃታል? ቃሏንስ ትቀበላለህ?»

 ቢሮው ውስጥ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ሲንጓጓ ይሰማኛል። ባሌ አየኝ። ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ፤ አሁን፣ አሁን እያልኩ ጠበቅሁ። ረጅሙ ወደ እሱ ዘንበል ብሎ የሚናገረውን እየጠበቀ ነበር፤ እሱም ሌላ ቃል ሊሰማ እንደመጣ ያስታውቃል።

«አልመለስኳትም» አለ ባሌ። «ቃሏን ተቀብያለሁ።»

ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። ከዚያ ፈረሙ።

ደስ አይበልሽ ያለኝ ሰው የለም፣ ግን ደስ አላለኝም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ደግሞ አዲስ ፍርሃት ገባኝ። እሱ ያውቃል። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው። እውነተኛው ሦስተኛ ገና አልመጣም፤ እስኪመጣ ድረስ በአላህ ዘንድ ሚስቱ ነኝ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ብድግ ብሎ «መልሼሻለሁ» ቢለኝ ምን እላለሁ? አይሆንም፣ ዒዳዬ አልቋል ብዬ ድጋሚ ልዋሽ?

በማግሥቱ ዕቃውን ሰብስቦ ሌክ ሃይላንድስ ረጅሙ ጓደኛው ጋ ገባ። ልብሱን ወሰደ፣ መላጫውን ወሰደ፣ ፍሪጁን ተወልን። በር ሥር ግን ለዓርብ ጁሙዓ የሚያደርጋቸው ጥቁር ጫማዎቹ ቀሩ። የረሳቸው መስሎኝ ደወልኩ። «ይቆዩ» አለኝ። «ኋላ እወስዳቸዋለሁ።»

ጫማዎቹ በሬ ሥር ተቀመጡ። ከሥራ ስገባ ያዩኛል፣ ስወጣ ያዩኛል። አንድ እግሩን ቤቴ ውስጥ ትቶ የሄደ ያህል ነው። ለምን ይቆያሉ? ምን እየጠበቁ ነው? ልጄ «ማማ፣ ሹዝ ነው፣ ለምን እንደዚህ ታያቸዋለሽ?» ትለኛለች። ስልኬ በጠራ ቁጥር «መልሼሻለሁ» ሊለኝ ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ ደወለ፤ ስለ ልጃችን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠይቆኝ ዘጋ። ቤት መጥቶ ሲወስዳት እንኳ ወደ ላይ አይወጣም፤ ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል።

በዘጠነኛው ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ መጣ። እውነተኛው። ተርሚናል ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ አንዲት አሮጊት ዊልቸር ላይ አስቀምጬ እስከ አውሮፕላኗ መሳፈሪያ በር ገፋኋት፤ ስለ ልጅ ልጆቿ ስትነግረኝ አንድም ነገር አልሰማሁም።

አምስት ቀን ቆይቼ ታጠብኩ። እውነተኛውን መታጠብ። ፀጉሬ እርጥብ ሆኖ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን ያዝኩ። መጻፍ አልነበረብኝም፤ ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። ቢሆንም ጻፍኩ። «ዛሬ በእውነት ታጠብኩ።»

 በማግሥቱ ጠዋት፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ሳለች፣ በሩን አንኳኳ። የሻትል ነጂ ዩኒፎርሙን ለብሷል።

«ጫማዬን ልውሰድ» አለ።

ከፈትኩለት። ደጃፉን አላለፈም። ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን አነሣ፣ በላስቲክ ከረጢት ከተታቸው።

«ያን እሁድ» አልኩት፣ «ልትመልሰኝ ነበር አይደል?»

ቀና አላለም። «አዎ» አለ። «ለሁለቱም ነግሬያቸው ነበር።»

ስለዚህ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ልክ በመሆኔ ያገኘሁት ነገር አልነበረም።

«ታዲያ?»

የከረጢቱን አፍ ያስራል፣ ይፈታል። «ሐሙስ ዕለት ክሪክ ላወጣ ትራንኩን ከፈትኩ» አለ። «መስገጃሽ ሬንጅ ሆኗል። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ጎማው እስኪሠራ ቆሜ አሰብኩት። በዚያ ፀሐይ፣ አስፋልት ላይ። ከእኔ ለማምለጥ እዚያ ድረስ ከሄድሽ ምንሽን ነው የምመልሰው?»

«ለምን ለሼኹ አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? ሚስቴ ተደብቃ ትሰግዳለች ብዬ?»

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። እንደገና ልቆጣውም ፈለግሁ፤ ይህን ሁሉ ያመጣው ማን ሆነና። ከአፌ የወጣው ግን «ውሃ ትጠጣለህ?» ነው።

«አይ፣ ሺፍቴ ሊጀምር ነው» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ለሼኹ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። እዚህ ላይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ባሌን ግን የፈታኝ ሰው ብቻ አድርጌ ማሰብ አቃተኝ፤ አስራ ስምንት ዓመት እውነት ስነግረው ሲያጣራ ኖሮ፣ አንዲት ጊዜ ውሸት መሆኑን እያወቀ ቃሌን የተቀበለ ሰው ነው። ያ ዝምታው ደግነት ይሁን ኩራት አሁንም እጠረጥራለሁ። ልማድ ነው።

በሩን ዘግቼ ወደ መኪናዬ ወረድኩና ስሷን መስገጃ አመጣኋት። ሬንጁን በዘይትና በሳሙና ፈተግሁት፣ አልለቅ አለ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ሳሎን መሐል፣ በሙሉ ብርሃን፣ ማንም ሳያየኝ ዘርግቼ ሰገድኩባት። ስጨርስ ተንበርክኬ ጫፏን ያዝኩና ለሁለት ይሁን ለሦስት እንዴት እንደማጥፋት ግራ ገባኝ።